ከደንገጎ ዳገት እስከ ጋራ ሙለታ፦ የሐበሻ ጥድ ዘር ለቀማ የጉዞ ማስታወሻ

ቀን 1፣ ድሬዳዋ

ድሬዳዋ ላይ የሐበሻ ጥድ የለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሙቀቱ አይስማማውም። ጉዞው ከዚህ የሚጀምረው ለዕቃው ሲባል ነው። ከፊራ በተባለው ገበያ በአንድ ዙር የሚያልቀው ግዢ ደጋው ከተገባ በኋላ ቀን ይበላል።

ሥራው እንዲህ ነው። አራት ስፍራ ላይ ከቀረው ጥድ ዘር መልቀም፤ ከዚያ የአንዱ ስፍራ ዘርና ችግኝ ከሌላው በምን እንደሚለይ መለካት። ስፍራዎቹ የደንገጎ አፋፍ፣ ቁልቢ፣ ከሐረማያ እስከ ሐረር ያለው የእርሻ ድንበር፣ በመጨረሻም ጋራ ሙለታ ናቸው። ጥድ በዝርያነቱ ከዐረቢያ ልሳነ ምድር እስከ ዚምባብዌ ስለሚገኝ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል አልመዘገበውም። ይህን ይዞ «ታዲያ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው፤ ዝርያው ኬንያ ውስጥ ቢኖርም የሐረርጌው ሊያልቅ ይችላል። በዚህ ደረቅ አፋፍ ላይ ለብዙ ትውልድ ድርቅ እያጠራው የቀረ ዘር አንዴ ካለቀ ከሌላ አገር አምጥቶ የሚተካው የለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ለይቶ እንዳይቆረጡ የከለከለው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከገበያ የተገዛው፦ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አቡጀዲ 15 ሜትር፣ እሱም ለልብስ ሰፊ ተሰጥቶ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 90 ከረጢቶች ይወጡታል። 4 በ4 ሜትር የሆነ ሸራ 2። እርሳስ አንድ ደርዘን፣ እስክሪብቶ ግን አንድም አይያዝ፤ የጥድ ሙጫና ውሃ ሲነካው ቀለሙ ይሟሟል። ወፍራም ካርቶን ለመለያ ጽሑፍ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ለግንድ ዙሪያ፣ ምላጭ፣ አጉሊ መነጽር፣ ካሊፐር (የትንንሽ ነገር ስፋት መለኪያ)፣ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን። ጫፉ ላይ መቀስ የታሰረበት ባለ 5 ሜትር ዘንግ። ፌስታል አይገዛም። ትኩስ የጥድ ፍሬ በፌስታል ታስሮ መኪና ውስጥ ካደረ ይሞቃል፣ ያልበዋል፣ ከዚያ ይሻግታል።

ከእያንዳንዱ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ከቀበሌው የልማት ሠራተኛ ጋር ሳይነጋገሩ ዛፍ ሥር ሸራ መዘርጋት ጠብ መፈለግ ነው። ዘሩ ከአገር የሚወጣ ከሆነ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. የወጣው የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይጠይቃል። የዚህ ጉዞ ዘር ከሐረርጌ አይወጣም።

ቀን 2፣ ደንገጎ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ከድሬዳዋ መነሳት። መንገዱ ወዲያው ይጠማዘዛል፤ ግራር፣ ቁልቋልና እሬት እየታዩ ይወጣና አየሩ መቀዝቀዝ ሲጀምር መጀመሪያ የደረቀ ወይራ፣ ቀጥሎ በጎርፍ ቦዩ ዳር ለብቻው የቆመ ጥድ ይመጣል። መኪናው ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። ጥድ ግን በዚያችው አጭር ርቀት ውስጥ መኖር የሚችልበትን የመጨረሻውን ድንበር ያሳያል። ለዚህ ነው ደንገጎ ከአራቱ ስፍራዎች ሁሉ የሚበልጠው።

የመጀመሪያው ሥራ ዛፉን መለየት ነው። የፈረንጅ ጥድ በየመንገዱ ዳር፣ በየትምህርት ቤቱ አጥር ተተክሏል፤ ከሩቅ ለሚያየው ይመሳሰላል። ፍሬውን ማየት ይበቃል። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ እንደ እንጨት የጠነከረ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ከውስጡም ብዙ ክንፍ መሰል ዘር የሚያራግፍ ነው። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ግን ሥጋ አለው፣ አይሰነጠቅም። ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነገር ነው፤ ሲበስል ሰማያዊ ጥቁር ሆኖ ነጭ ዱቄት ይለብሳል፣ በጣት ሲታሽ ዱቄቱ ይለቃል። በየጽሕፈት ቤቱ «ጥድ» ብቻ ተብሎ የተመዘገበ የችግኝ ቁጥር የትኛውን እንደሚል ሳይጠይቁ አይታመንም። በአካባቢው ጋቲራ ወይም ሂንዴሳ ብሎ የጠየቀ ትክክለኛውን ዛፍ ያገኛል።

ቀጥሎ ጾታ። ጥድ በአብዛኛው ወንዱና ሴቱ የተለያየ ዛፍ ነው። ወንዱ ፍሬ አይሰጥም፤ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆኑ ቢጫ ቡናማ ጉብታዎች ይይዛል፣ በወቅቱ ሲነቀነቅ ብናኙ ይጨሳል። ዘር የሚለቀመው ከሴቷ ቢሆንም ወንዶቹን መቁጠር ግዴታ ነው። ከእያንዳንዷ እናት ዛፍ ዙሪያ በ50 ሜትር ውስጥ ስንት ወንድ እንዳለ ይጻፋል። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህን ነው፤ ለምን እንደማይዘለል ቀን 6 ላይ ዘሩ በምላጭ ሲቆረጥ ይታያል።

እናት ዛፍ ሲመረጥ ደንቡ ከስፍራው 20 ዛፍ፣ አንዱ ከአንዱ ቢያንስ 100 ሜትር እንዲራራቅ ነው። የተጠጋጉ ዛፎች እህትማማች ሊሆኑ ይችላሉ፤ 20 እህትማማች መለካት ደግሞ አንድ ቤተሰብ መለካት ነው። ደንገጎ ላይ ይህ አልተሳካም። ፍሬ የያዙት ሴቶች ከ20 በታች ናቸው፣ ሁለት ቦታ ላይም ርቀቱ ወደ 60 ሜትር ወርዷል። ያለውን ወስዶ ርቀቱን እንዳለ መጻፍ ነው እንጂ ቁጥር ለመሙላት ከቁልቢ መንገድ ላይ መጨመር አይገባም። እኩል ያልሆነ ቁጥርን ስሌቱ ይችለዋል፤ የተደባለቀ ምንጭን ግን ምንም ስሌት አይለየውም።

ፍሬው ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥድ ፍሬውን ለማብሰል ከ12 እስከ 18 ወር ስለሚወስድበት አንድ ቅርንጫፍ ላይ የዘንድሮ አረንጓዴና የአምናው ጥቁር አብረው ይገኛሉ። ቅርንጫፉን ይዞ በእጅ ማራገፍ ሁለቱንም ያወርዳል። አረንጓዴው ውስጥ ያለው ዘር ፈዛዛና ለስላሳ ነው፤ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ኋላ በሚዛን ላይ ቀላል ሆኖ «የደንገጎ ዘር ትንሽ ነው» የሚል ውሸት ይናገራል። ስለዚህ ፍሬው አንድ በአንድ፣ ጥቁሩ ብቻ ይለቀማል። ጥርጣሬ ካለ በጥፍር መሰንጠቅ፤ ሥጋው ቡናማ፣ ዘሩ ጠንካራና ቡናማ ከሆነ ደርሷል። ከመሬት የወደቀ አይነሳም፤ የየትኛዋ ዛፍ እንደሆነ አይታወቅም፣ በዚያ ላይ ነፍሳት ቀድመው ገብተውበታል።

መጠኑ ቀላል ነው። የውሃ ብርጭቆ ሙሉ ፍሬ 1,000 ያህል ይሆናል። ከአንዷ እናት ዛፍ የሚፈለገው ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አንገቱ ተቆርጦ አንዴ ሲሞላ ነው፤ ይህ ለሚዛን፣ ለምላጭ፣ ለብቅለትና ለመደብ ይበቃል፣ ባዶ ዘር ቢበዛም ይተርፋል። ከአንድ ዛፍ ላይ ካለው ፍሬ ከአምስት አንድ እጅ በላይ አይወሰድ። ደንገጎ ላይ አንዳንዷ ዛፍ ያላት ፍሬ በጠቅላላው ይህን አያህልም። እንዲህ ያለችው ዛፍ የምትሰጠውን ያህል ትሰጣለች፤ የቀረው ለወፉና ለዝንጀሮው ነው፣ ዘሩን ወደ ሌላ ሸለቆ የሚወስዱት እነሱ ናቸውና።

ልጆችን ዛፍ ላይ ማውጣት አይገባም። የጥድ የታችኛው ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ ሳይወድቅ የደረቀ ስለሆነ ክብደት ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። ባለ 5 ሜትሩ ዘንግ ካልደረሰ ያ ዛፍ ይታለፋል።

ለእያንዳንዱ ከረጢት ሁለት መለያ ይጻፋል፤ አንዱ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ። ደ-01፣ ደ-02 እየተባለ። ከቁጥሩ ጋር የቦታው ከፍታ፣ የዳገቱ አቅጣጫ፣ ከመሬት 1.30 ሜትር ላይ የግንዱ ዙሪያ፣ የወንዶቹ ቁጥር፣ ፍሬው ከየትኛው ወገን እንደተለቀመ። ከአራቱም የዛፉ ጎን መልቀም ይሻላል፤ ፀሐይ የሚያገኘው ጎን ፍሬ ከጥላው ይለያል።

ቀን 3፣ ቁልቢ

ከደንገጎ መገንጠያ ወደ ምዕራብ። ጥር ውስጥ መምጣት ይመረጣል፤ የታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ አልፎ መንገዱ ነጻ ሆኗል፣ የጥቁሩ ፍሬ ለቀማም ያለ ዝናብ ይከናወናል።

ቤተ ክርስቲያን ባይኖር ኖሮ በዚህ ደጋ ላይ ትልቅ ጥድ ማየት ብርቅ ይሆን ነበር። ፈቃዱ ከአስተዳዳሪው ይጠየቃል፤ «አባታችን፣ ቅርንጫፍ አንቆርጥም፣ የበሰለ ፍሬ ብቻ ነው» ማለትና መቀሱን መኪና ውስጥ መተው። እዚህ በእጅ ብቻ ይለቀማል።

የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግን ለዘር ልዩነት ጥናት ወጥመድ አለው። በሰልፍ የቆሙ ዛፎች የተተከሉ ናቸው። ችግኛቸው ከየት እንደመጣ ካልታወቀ የቁልቢ ዘር ተብለው አይመዘገቡም፤ ምናልባት አንድ ሰው ከአንዲት እናት ዛፍ ሰብስቦ ያፈላቸው፣ ምናልባትም ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው። የአካባቢውን ሽማግሌዎች «የትኛው ነው ከድሮም የነበረው? የትኛውስ ሲተከል ታስታውሳላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ያለ ሰልፍ የቆሙት፣ ዙሪያቸው የተለያየ፣ ግንዳቸው የተጣመመው ይወሰዳሉ። ከቅጥሩ ውጭ በገደሉ በኩል የተበተኑትም እንዲሁ።

እዚህ ፍሬው ብዙ ነው፤ በቀኑ መጨረሻ 20 ከረጢት ሞላ። ማታ ከረጢቶቹ ገመድ ላይ ይሰቀላሉ፣ ወለል ላይ አይከመሩም።

ቀን 4፣ ከሐረማያ ወደ ሐረር

አጭር ቀን። መንገዱ ዳር የሚታየው ጫት፣ ማሽላ፣ ባሕር ዛፍ ነው፤ ጥዱ በእርሻ ድንበርና በመቃብር ስፍራዎች ላይ አንድ አንድ ብሎ ቆሟል። ከሰዓት በኋላ የአወዳይ የጫት መኪኖች በፍጥነት ስለሚያልፉ ከመንገድ ዳር ያሉት ዛፎች ጠዋት ይለቀሙ፣ ሸራውም አስፋልቱ አጠገብ አይዘርጋ።

ርቀት እዚህ ችግር አይደለም፤ ዛፎቹ ራሳቸው ተራርቀዋል። ችግሩ የወንዶቹ ቁጥር ዓምድ ላይ ዜሮ መደጋገሙ ነው። አንዲት ሴት ዛፍ በፍሬ ተሸፍና ቆማ በዐይን በሚታይ ርቀት አንድም ወንድ የለም። ገበሬው ለምን ሴቷን እንደተዋት ሲጠየቅ መልሱ ጥላዋ ነው፤ ወንዱ ምሰሶ ሆኗል። ጥድ ለአጥርና ለቤት ምሰሶ የሚመረጠው ምስጥ ስለማይደፍረው ነውና ቀጥ ብሎ ያደገው ቀድሞ ይሄዳል። የቀረችው ሴት ፍሬ መስጠቷን አታቆምም። ፍሬው ጥቁር ይሆናል፣ ነጭ ዱቄት ይለብሳል፣ ውስጡ ዘር የሚመስል ነገርም አለ። የሚያዩትን ሁሉ ያታልላል።

ቀን 5፣ ጋራ ሙለታ

ከሐረር ደቡብ ምዕራብ፣ በግራዋ በኩል። ልጅ ኢያሱ ታስረውበት የነበረው ተራራ ነው። ከ3,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ የምሥራቅ ሐረርጌ ከፍተኛው ቦታ ነው። መንገዱ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ ብዙ ስለሆነ ሌሊት 10 ሰዓት መነሳት፣ ወይም ግራዋ ማደር ይሻላል።

እዚህ ደን የሚባል ነገር አለ። ጥዱ ከወይራና ከዝግባ ጋር ተደባልቆ ይጀምርና ከፍ ሲባል ከኮሶ፣ ከዚያም ከአስታ ጋር ይገናኛል። ከግንዱ ላይ ሽበት መሰል ሐረግ ይንጠለጠላል፤ ጠዋት ጭጋጉ ቅጠሉ ላይ ተጠራቅሞ ሲንጠባጠብ ከሥሩ ያለው መሬት እርጥብ፣ ሁለት እርምጃ ወጣ ያለው ደረቅ ነው። ደንገጎን ከሦስት ቀን በፊት ላየ ሰው ሁለቱ አንድ ዝርያ መሆናቸውን ማመን ይከብዳል።

ስሕተት የሚፈጠረው ቁልቁለቱ ላይ ነው። አንድ ተራራ አንድ የዘር ምንጭ ነው ብሎ ከታች ጫፍ እስከ ላይ ጫፍ መልቀም ልዩነቱን ይደብቀዋል፤ በዳገቱ የታችኛውና የላይኛው ጥድ መካከል ያለው ልዩነት ከሁለት ተራሮች ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ 20ዎቹ እናት ዛፎች በ150 ሜትር የከፍታ ልዩነት ውስጥ እንዲሆኑ ተደርጓል። የላይኛውን ማወቅ የፈለገ ከረጢቱ ላይ «ጋ» ተብሎ ከተጻፈው የዚህ ስፍራ ምንጭ ሌላ፣ አምስተኛ ምንጭ አድርጎ ለብቻው ይልቀም።

እርጥብ ፍሬ ስለሆነ ከረጢቶቹ መኪናው ጣሪያ ላይ ታስረው ነው የወረዱት። ከእያንዳንዱ ስፍራ ደግሞ ከጥዶቹ ሥር አንድ ቆርቆሮ አፈር ተይዟል፤ ጥቅሙ ከቀን 8 ጋር ይመጣል።

ቀን 6 እና 7፣ ሐረር

የጀጎል የድንጋይ ቤት ለዘር ሥራ የተመቸ ነው። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ቀንም ሌሊትም ቀዝቃዛና ተመሳሳይ ሙቀት ያለው ነው፤ ዘር የሚፈልገው ይህን ነው።

ከመታጠቡ በፊት ፍሬው ይለካል። ከእያንዳንዱ ከረጢት 30 ፍሬ፣ ሳይመርጡ፣ ዐይን ጨፍኖ ተዘግኖ። ትልልቁን ማንሳት የእጅ ጠባይ ስለሆነ ሆን ብሎ መከላከል ያስፈልጋል። ስፋቱ በካሊፐር ይለካል፣ ከዚያ ይሰነጠቅና የዘሩ ቁጥር ይጻፋል፤ በአንድ ፍሬ ከ2 እስከ 5 መሆኑ የተለመደ ነው። ዘር ብዙ የያዘ ፍሬ ዘሩ ያንሳል፣ እርስ በርሱ ይጠፍጠፋል። የዘር መጠን ከስፍራ ስፍራ ሲነጻጸር ይህ ካልታሰበበት የፍሬው ነገር እንደ ስፍራው ይቆጠራል።

ዘሩን ለማውጣት ፍሬው 48 ሰዓት ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ውሃው በየ12 ሰዓቱ ይቀየራል። ከዚያ የሽቦ ወንፊት ላይ ከሻካራ አሸዋ ጋር በእጅ ማሸት። ሙጫው እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ሳሙና ብቻውን አያለቅቀውም፣ መጀመሪያ በምግብ ዘይት ማሸት ነው። አንድ ከረጢት ሲያልቅ ወንፊቱ፣ ሳህኑ፣ ጣቱ ሳይቀር ታጥቦ ሌላው ይጀመራል። የወንፊት ቀዳዳ ውስጥ የተሰነቀረ አንድ ዘር የቁልቢን ልጅ ደንገጎ ላይ ያበቅላል።

አሁን ሁሉም የሚያውቀው ደረጃ ይመጣል፤ ዘሩን ውሃ ውስጥ ጨምሮ የተንሳፈፈውን መድፋት። ለተከላ ብቻ ለሚሰበስብ ሰው ጥሩ ዘዴ ነው። ልዩነትን ለሚለካ ግን በዚህ ቦታ መደረግ የለበትም። የተንሳፈፈው ተደፍቶ የቀረው ቢመዘን ሁሉም ስፍራ ጥሩ ዘር ያለው ይመስላል፤ ልዩነቱ ከውሃው ጋር ቦዩ ውስጥ ፈስሷል። በሰፌድ ማንፈስም ያው ነው። ስለዚህ የፍሬው ሥጋ ብቻ ይወገዳል፣ ዘሩ ሁሉ ባዶውም ጭምር ይያዛል፣ ጥላ ውስጥ በወረቀት ላይ ስስ ሆኖ ይደርቃል። አንድ ሳምንት፣ ሁሉም በአንድ ክፍል ውስጥ፤ አንዱ ፀሐይ ላይ ሌላው ጥላ ውስጥ ከደረቀ የሚዛኑ ልዩነት የእርጥበት ልዩነት ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ፣ የቀን 8ን ጨምሮ፣ የመጨረሻዎቹ ከረጢቶች እስኪደርቁ ይጠብቃል።

ሚዛን፦ ከእያንዳንዱ እናት ዛፍ 100፣ 100 ዘር ስምንት ጊዜ ተቆጥሮ ለየብቻ ይመዘናል። የስምንቱ አማካይ በ10 ሲባዛ የ1,000 ዘር ክብደት ነው። 1,000 ዘር 20 ግራም ቢመዝን አንድ ኪሎ ውስጥ 50,000 ዘር አለ ማለት ነው፤ የችግኝ ጣቢያ ሰው የሚጠይቀው ይህን ቁጥር ነው። ስምንቱ ሚዛኖች እርስ በርሳቸው ያላቸው መለያየት ከአማካዩ 4 በመቶ ካለፈ እንደገና ይቆጠራል። ጥድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ባዶ ዘር በአንዱ መቶ ውስጥ በዝቶ ሲገባ ነው።

ምላጭ፦ ከእያንዳንዱ 50 ዘር በቁመቱ ይቆረጣል። አንዲት ጥሩ ዘር በአጉሊ መነጽር ሥር ስትታይ ጠንካራው ቅርፊት፣ በውስጡ ቅቤ መሰል ነጭ ሥጋ፣ መካከሉ ላይ ቀጥ ያለች ሽል አላት፤ ምላጩ ላይ ትንሽ ቅባት ትተዋለች። ባዶዋ ቅርፊት ብቻ ናት፣ ወይም ቡናማ የደረቀ ክር። ሦስተኛው ዓይነት በተርብ መሰል ነፍሳት ዕጭ የተበላው ነው፤ ሜጋስቲግመስ የሚባለው ወገን ፍሬው ገና ለጋ ሳለ ዕንቁላሉን ዘሩ ውስጥ ይጥላል፣ ነጭ ዕጩ ውስጡን በልቶ ሥጋው በነበረበት ቦታ ይሞላል። ከውጭ ቀዳዳ ስለሌለው ውሃም ሚዛንም አይለየውም፤ ምላጭ ብቻ ነው የሚለየው። ሙሉ፣ ባዶ፣ የተበላ ተብሎ በሦስት ዓምድ ይጻፋል።

እዚህ ላይ የቀን 2ና የቀን 4 የወንዶች ቁጥር ከዚህ ዓምድ ጎን ይቀመጥ። ወንድ ያልነበራቸው እናት ዛፎች ዘር ምላጩ ሥር በአብዛኛው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ደንገጎም፣ የእርሻ ድንበሩም። ይህ «የደረቅ ስፍራ ዘር መጥፎ ነው» ማለት አይደለም። ብናኝ አላገኘም ማለት ነው። አንዱ የዛፉ ጠባይ ነው፣ ሌላው የመጥረቢያው ታሪክ ነው። ሁለቱን ያልለየ ሰው ከደንገጎ ዘር አትሰብስቡ ብሎ ይመክራል፤ ሌላው ደግሞ ሰምቶ ከአንድ ለም ስፍራ ብቻ ለሐረርጌ ሁሉ ያፈላል። ድርቅ የለመደው ዘር የሚጠፋው በመጥረቢያ ብቻ ሳይሆን በእንዲህ ያለ ምክርም ነው፣ ይህንንም አይቶ ዝም ማለት አይቻልም።

ብቅለት፦ ከእያንዳንዱ እናት ዛፍ 4 ጊዜ 25 ዘር፣ የታጠበ አሸዋ ላይ፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት። የጥድ ዘር ያለ ማከሚያም ይበቅላል፣ ግን ቸኩሎ አይደለም፤ አንዳንዱ በወሩ፣ ሌላው ከሁለት ወር በኋላ ይወጣል። በየ3 ቀኑ ይቆጠራል። የወጣው ቁጥር ብቻ ሳይሆን የወጣበት ቀን ይጻፋል፤ አንድ ላይ የሚወጣ ዘርና ተራርቆ የሚወጣ ዘር የተለያየ ነገር ይናገራሉ። ተራርቆ መውጣት ዝናቡ በማይታመንበት ስፍራ ጥቅም አለው፤ የመጀመሪያው ዝናብ አታሎ ቢቀር መሬት ውስጥ የቀረ አለ። ውጤቱ ሁለት ጊዜ ይሰላል፤ አንዴ ከተዘራው ሁሉ፣ አንዴ በምላጩ ግምት ሙሉ ከሆነው ብቻ። የስፍራዎቹ እውነተኛ ልዩነት ያለው በሁለተኛው ነው።

የተረፈው ዘር በደንብ ደርቆ፣ በመስታወት ዕቃ ተዘግቶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ጥድ መድረቅና ቅዝቃዜ የሚችል ዘር ስለሆነ ለዓመታት ይቆያል። ይህ ከብዙ የአገራችን ዛፎች የሚለየው መልካም ጠባዩ ነው።

ቀን 8፣ ችግኝ ጣቢያ፣ ሐረር ዳርቻ

ችግኙ የሚፈላው ደጋ ላይ እንጂ ድሬዳዋ አይደለም። አፈሩ 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ አሸዋ፣ 1 እጅ የበሰለ ኮምፖስት። በዚህ ላይ ከአራቱም ስፍራ የመጣው ቆርቆሮ አፈር አንድ ላይ ተደባልቆ ለሁሉም የችግኝ ላስቲክ እኩል ይገባል። ጥድ ሥሩ ላይ ከሚኖር ፈንገስ ጋር ተጋግዞ ስለሚያድግ ከእናቱ ሥር የመጣ አፈር ይጠቅመዋል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ የራሱን ስፍራ አፈር መስጠት አፈሩን መለካት ይሆናል።

ከእያንዳንዱ እናት ዛፍ 40 ላስቲክ፣ በአንዱ ላስቲክ አንድ ዘር። መደቡ በ4 ይከፈላል፣ በእያንዳንዱ ክፍል የእያንዳንዷ እናት 10 ላስቲክ ይገባል፣ ቦታቸውም በዕጣ ይወሰናል። ቁጥሮቹ በወረቀት ተጽፈው ባርኔጣ ውስጥ ተጨምረው ይወጣሉ። ደንገጎን በአንድ ጥግ፣ ጋራ ሙለታን በሌላ ጥግ መደርደር ለዐይን ያምራል፤ ግን የአንዱ ጥግ ላይ የዛፍ ጥላ ቢያርፍ ጥላው ነው የሚለካው።

ሣር ይጎዘጎዝበታል፣ ዳስ ይጣልበታል። ውሃ በቀጭን ወንፊት ማጠጫ፣ ጠዋት ብቻ። ማታ የረጠበ መደብ ላይ ችግኙ ግንዱ መሬቱ ላይ ቀጥኖ ይወድቃል፤ ፈንገስ ነው፣ ከጀመረ ውሃ መቀነስና ሣሩን ማንሳት ነው። የበቀለው ችግኝ መጀመሪያ የሚያወጣው ቅጠል እንደ መርፌ የሾለ ነው፤ የእናቱን ሰንሰለት መሰል ቅጠል አይመስልም። አዲስ ሠራተኛ አረም መስሎት እንዳይነቅል አስቀድሞ ይነገረው።

ቁመትና ከአፈሩ ላይ ያለው የግንድ ውፍረት በ3ኛ፣ በ6ኛና በ12ኛ ወር ይለካል። የ3ኛው ወር ቁመት ብዙ አይታመንም፤ ከባድ ዘር ስንቅ ስላለው ቀድሞ ይረዝማል፣ ብልጫው ግን የእናት ስንቅ እስኪያልቅ ነው። በ12ኛው ወር ከእያንዳንዷ እናት ጥቂት ችግኞች ታጥበው ሥራቸውና ግንዳቸው ለየብቻ ደርቆ ይመዘናል። ከደረቅ ስፍራ የመጣው አጭር ሆኖ ሥሩ ከግንዱ ጋር ሲነጻጸር የከበደ ከሆነ፣ በቁመት ብቻ የመረጠ የችግኝ ጣቢያ የሚጥለው እሱን ነው።

መደቡ ራስጌ ላይ ሰሌዳ ቆሟል። የመደቡ ካርታ፣ የመቁጠሪያው ቀናት፣ ከሥር ደግሞ በአማርኛና በኦሮምኛ አንድ መስመር፦ «ባዶ ላስቲክ በሌላ ችግኝ አይሞላ»። ባዶ ላስቲክ አይቶ መሙላት የጥሩ ችግኝ ሠራተኛ ልማድ ነው፣ በሌላ መደብ ላይም ይመሰገንበታል። እዚህ ግን ባዶው ራሱ ይቆጠራል፤ ደ ተብለው ከተጻፉት መካከል ብዙዎቹ ባዶ እንደሚሆኑ ምላጩ አስቀድሞ ነግሯል፣ ከእነሱ መሐል የወጣችው አንዲቱም ከየትኛዋ ዛፍ እንደመጣች ከውስጥም ከውጭም ተጽፎላታል።